ሰጪው ይቅመስ

ኩንዲ የእህቱን መንጋጋ በአንድ እጁ ፈልቅቆ፣ ጨውና ሳሙና የተበጠበጠበትን ጣሳ አፏ ውስጥ ደፋው። ሁለት የአጎቷ ልጆች ትከሻዋን ጨምድደው ይዘዋታል። ዶርካስ ትንፋሽ አጥሯት መሬቱን በተረከዟ ደበደበች። ውሃው በአፍንጫዋ ተመለሰ፤ ወዲያው ሆዷ ተገለበጠና በውስጡ የነበረውን ሁሉ ስኳር ድንቹ መደብ ላይ አወጣችው።

«ድገሟት» አለ ኩንዲ።

«በቃህ፣ ወንድሜ። ገደልከኝ።»

«እንዳትሞቺ ብዬ ነው። አፍሽን ክፈቺ።»

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የቀስት ጫፍ ከጭኑ በቢላ ሲወጣለት ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ አሁን እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ቢመታት ኖሮ ትናገር ነበር። አፏን የዘጋው ማልቀሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጠዋት ነው። ለአሳማዎቹ ልጣጭ ይዛ ወጥታ ሳለ፣ አጥሩን ተደግፋ ስታስታውክ ወንድሟ አያት። ምን እንደበላች ጠየቃት፤ ምንም አለች። ከማን እጅ እንደበላች ጠየቃት። መልሱን የሰጠው የአጎቷ ልጅ ዋራ ነበር።

«ትናንት ገበያ ላይ ከዚያ ከተንዳካ ጎሳው አስተማሪ እጅ ኦቾሎኒ ስትበላ አይቻታለሁ። እየፈለፈለ ያጎርሳታል። እኔማ ጥርስ የሌላት መስሎኝ አዘንኩላት።»

ማንም አልሳቀም። በሸለቋችን ይህን የማያውቅ ልጅ የለም፤ የደም ካሳው አሳማ ከእጅ ወደ እጅ እስኪተላለፍ ድረስ፣ ደም የተቃቡ ጎሳዎች ምግብ አይቀባበሉም። የተቀበለ መርዝ ተቀበለ። የዶርካስን አባት የገደለው ቀስት የተወረወረው ከተንዳካዎች ወገን ነው። እነ ዶርካስ ወሊምካ ናቸው፤ ካሳቸውም ገና አልተከፈለም።

«ፒዩስ መርዝ አያበላኝም» አለች ዶርካስ።

«ስሙንም ታውቂዋለሽ» አለ ኩንዲ። ጣሳውን ወርውሮ ገጀራውን ከጣሪያው ስር መዘዘ። «እማ፣ ጠብቂያት። ሆዷ ባዶ እስኪሆን ውሃውን እንዳታቋርጪባት። እኔ ያጎረሳትን እጅ ይዤ እመጣለሁ።»

«እጁን ብቻ?» አለ ዋራ።

«መሸከም የቻልኩትን ያህል።»

ወንዶቹ እየፎከሩ ቁልቁል ወረዱ። ዶርካስ በመዳፏ አፏን እንደያዘች ቀረች። እውነቱ እዚያው ጥርሷ ስር ነበር። ብታወጣው እሷን ያዋርዳታል፤ ብትውጠው እሱን ያስገድለዋል።

*

ዶርካስ በወንዙ ድንበር ላይ ባለው ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ናት። የሁለቱም ጎሳ ልጆች የሚማሩት እዚያ ነው። ፒዩስ አራተኛ ክፍልን ያስተምራል፤ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለ የአስተማሪ ቤት ብቻውን ይኖራል። ረጅም ጊዜ ከእይታ በቀር የተለዋወጡት ነገር አልነበረም። ጠመኔ ሊያቀብላት ሲፈልግ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት ይሄዳል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይሆንማ። አንድ ዝናባማ ቀን ግን ጠመኔውን መዳፏ ላይ አኖረው፤ እጁንም ቶሎ አላነሳም። ከዚያ ወዲያ ያለው የሁለቱ ነው።

ከትናንት በስቲያ ኮንዶሙ ተቀደደ። ፒዩስ ሳቀ፤ «እንግዲህ የጥሎሹን አሳማዎች ላፋጥን» አላት። እሷ አልሳቀችም። የአባቷ ደም ሳይከፈል፣ ጥሎሹ ሳይሰጥ፣ የተንዳካ ልጅ በወሊምካ ሴት ሆድ ውስጥ ቢገኝ የተኛው ጦርነት ይነሳል። ጎሮካ ከተማ ያለው የመምህራን ኮሌጅም ተቀብሏት ለመሄድ እየተሰናዳች ነበር። በማግስቱ ማለዳ ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች።

ነርሷ ሲስተር አጌታ ከማን ጋር ብላ አልጠየቀቻትም።

«ይኼ ኪኒን ፅንስ አያስወርድም» አለቻት። «እንቁላልሽን ያዘገየዋል፣ በቃ፤ ገና ያልመጣ እንዳይመጣ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል፣ ስለዚህ ዛሬ ነገ እንዳትይ። በልተሽ ዋጪው፤ በባዶ ሆድ በጣም ያቅለሸልሽሻል። ከዋጥሽው በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ፣ እንዳልወሰድሽ ቁጠሪውና ሌላ ድገሚ። ራስሽን ሊያምሽ፣ ጡትሽን ሊጠዘጥዝሽ ይችላል። ደምም ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ። ከሳምንት በላይ ከዘገየ ግን ነይ፣ እንመረምርሻለን።» ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ሁለተኛ ፍሬ ጨመረችላት። «መንገዱ ሩቅ ነው። ትርፍ ያዢ።»

ስትመለስ ፒዩስን ገበያው ላይ አገኘችው። ልትነግረው አስባ ነበር። እሱ ግን ደስ ብሎታል፤ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ለወንድም ለሴትም ስም ያወጣል። ያን ፊት አይታ ዝም አለች። ማታ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳይመቻት አደረች፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብቻዋን ቀድማ ብትበላ እናቷ እንዳትጠይቃት ፈርታ፣ ኪኒኑን በውሃ ብቻ ዋጠችው።

እናቷ ኩማ አሁን ጣሳውን ይዛ ፊቷ ተንበርክካለች። ባሏ ከተገደለ ወዲህ ያጠለቀቻቸው የሐዘን ጨሌዎች አንገቷን ሞልተውታል። የሌሎች መበለቶች ጨሌ በየጊዜው እየተበጠሰ ሲያልቅና በዚያው ሐዘናቸው ሲያበቃ፣ የእሷ አንድም አልተበጠሰ። ሰው ሲጠይቃት «ክሩ ጠንካራ ነው» ብላ ወሬ ትለውጣለች።

«የጨው ውሃ ለመርዝ ነው» አለች ኩማ። «ይኼ መርዝ ነው?»

«አይደለም፣ እማ።»

«እርግዝና ነው?»

«እንዳይሆን ነው።»

ነገረቻት። ኩማ የልጇን ፊት ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው።

«ሌላ አለሽ?»

«አንድ። ቢሉሜ ውስጥ።»

ኩማ ቢሉሙን፣ ያን በእጇ የሠራችላትን የክር ቦርሳ፣ አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው። ከአመዱ ውስጥ የተጠበሰ ስኳር ድንች አወጣች፤ ከመደቡ ዝንጅብል ነቀለች። ቀና ሲሉ ከጉብታው ማዶ ወፍራም ጭስ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። የፒዩስ ቤት የነበረበት አቅጣጫ ነው።

ዶርካስ እናቷን ከኋላዋ አስከትላ ሮጠች። እግሯ መሬት መንካቱን አታውቅም፤ የምታውቀው ደረቷ ውስጥ የሚነደውን ነው።

*

ከቤቱ ፊት ባለው የጭፈራ ሜዳ ዳር ከተደረደሩት የሸውሸዌ ዛፎች በአንዱ ላይ ፒዩስን በአሳማ ገመድ ጠፍረውታል። ግራ ክንዱ ከትከሻው በታች በገጀራ ተተልትሎ ደሙ በጣቶቹ ጫፍ ይንጠባጠባል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ከበስተኋላው ቤቱ ይንጣጣል።

በተከፈተው ዓይኑ አያት።

«ቆመሽ ትሄጃለሽ» አላት። የተሰነጠቀው ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞከረ። «እየሞተች ነው ብለውኝ ነበር።»

ዋራ በገጀራው ጀርባ አፉን መታው። «አይ የፍቅር ሰው። ጥርስህን ቆጥብ፤ ኦቾሎኒ ትፈለፍልበታለህ።»

ፒዩስ ደም ተፋ። ኩንዲ ገጀራውን አነሳ። ያኔ በካሳው ሊያደራድር ከሦስተኛ ጎሳ የመጣው ሽማግሌ ዋክ ከተቀመጠበት ድንጋይ ሳይነሳ ተናገረ።

«የታመመችው እያለች ያልታመመው ምን ያስቸኩለዋል? ልጅቷ ትናገር።»

«አባባ ዋክ» አለች ዶርካስ። «እኔ መርዝ አልበላሁም። ኪኒን ነው የዋጥኩት። እርግዝና እንዳይይዘኝ። ያስመለሰኝ እሱ ነው።»

የሚሰማው የቤቱ መንጣጣት ብቻ ነበር።

«ከእሱ ጋር?» አለ ኩንዲ።

«ከእሱ ጋር።»

በጥፊ መታትና ወደቀች። ተነሳች። እንደገና መታት። ሦስተኛውን ሊደግም እጁን ሲያነሳ እናቱ መሃል ገባች።

«ከዚህ ቀጥሎ ሰው ልትገድል ነው» አለች ኩማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሌላ ጨሌ የሚሸከም አንገት የለኝም።»

የኩንዲ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዶርካስ ግን ጥፊው አልተሰማትም፤ የተሰማት የፒዩስ ዓይን ነው።

«ትናንት ስም ሳወጣ ዝም ያልሽኝ ለዚህ ነው?» አላት በዝግታ።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ኩንዲ ጮኸ። «ውሸት ነው። ልታድነው ነው የምትዋሸው። ኪኒንም ቢሆን ከማን እጅ መጣ? አሳዩኝ።»

ኩማ የቀረውን ኪኒን ከቢሉሙ አውጥታ ሰጠችው። ኩንዲ ሽፋኗን ቀዶ ትንሿን ነጭ ፍሬ በሁለት ጣቱ ያዛት፤ እንደ እሳት ከራሱ አርቆ።

«ሰጪው ይቅመስ» አለ ዋራ።

«ሰጪው ይቅመስ» አሉ ሌሎቹ።

እኛ ዘንድ የተጠረጠረ ምግብ የሚነጻው እንዲህ ነው። የሰጠ ሰው ቀድሞ በአደባባይ ይቀምሳል። አልቀምስም ያለ ጥፋቱን አመነ። ኩንዲ የገጀራውን ስለት ፒዩስ አንገት ላይ አድርጎ ፍሬዋን ወደ ከንፈሩ አስጠጋት።

«ስንት ናት ያለችሽ?» ሲል ፒዩስ ዶርካስን ጠየቃት።

«እሷ ብቻ።»

«የጠዋቷስ?»

«በጨው ውሃ አስወጧት።»

ፒዩስ ጥቂት አሰበ። ፍሬዋን ቢውጣት በሕይወት ከሜዳው ይወጣል፤ ዶርካስ ግን ሌላ የላትም። ከንፈሩን ገጠመ፤ ከዚያ እንደገና ከፈተው።

«አልቀምስም።»

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። አንዱ በድንጋይ ጎኑን መታው፤ ሌላው የዛፉን ግንድ ከጆሮው አጠገብ በገጀራ ፈለጠው። ዶርካስ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንዲቱን ቃል ብቻ ሰማች። ብዙ የፍቅር ቃል ነግሯታል። እንደዚህ ያለ ነግሯት አያውቅም።

ዘልላ ፍሬዋን ከወንድሟ ጣቶች ነጠቀች።

«ሰጪዋ እኔ ነኝ» አለች። «በእግሬ ሄጄ፣ በአፌ ጠይቄ፣ በእጄ ለራሴ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር፤ ከእናንተ ጋር ነው የሰማው። ሰጪው ይቅመስ ካላችሁ እኔ እቀምሳለሁ።»

«ቆይ» አለች ኩማ። ስኳር ድንቹን ገመሰች፤ ሁሉም እያዩዋት ቀድማ ቀመሰችና ለልጇ ሰጠቻት። «በባዶ ሆድ አይሆንም ብላሻለች አይደል?»

ገጀራ በተመዘዘበት፣ ቤት በሚቃጠልበት ሜዳ መሃል ዶርካስ ቆማ በላች። ስኳር ድንቹ ደረቀባት፤ ግን አላመጠችው። ከዚያ ፍሬዋን ዋጠቻት።

ሽማግሌው ዋክ በዱላው ጠቆመ። «የዛፉ ጥላ እዚህ እስከተቀመጥኩበት ድንጋይ እስኪደርስ እንጠብቃለን። ሆዷ ውስጥ ከረጋ መድኃኒት ነው፤ ልጁ ይፈታል። ከተፋችው መርዝ ነው፤ ኩንዲ ያሻውን ያደርጋል።»

ከጥላው እስከ ድንጋዩ ያለው መንገድ ከሲስተር አጌታ ሁለት ሰዓት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የፒዩስ አንገት አሁን በዶርካስ ሆድ ላይ ተንጠለጠለ።

*

ጥላው ሲንቀሳቀስ አይታይም። መጀመሪያ ራሷን አዞራት፤ ቀጥሎ ምራቋ አፏን ሞላው። ከፒዩስ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። ኩማ ዝንጅብል ላጠች፤ ነክሳ ቀምሳ ሰጠቻት። ዶርካስ ጭማቂውን ቀስ በቀስ መጠጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ፒዩስ። ድምፁ እየደከመ ነበር።

«ደስ ብሎህ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ደስ ያለህ ቀን ጥቂት ነው። እንዳላበላሽብህ።»

«ልጄን ጠልተሽው መስሎኝ።»

«የመጣ ልጅ የለም፣ ፒዩስ። ምኑን እጠላለሁ? ሲመጣ ግን አባቱን እንደዚህ ታስሮ እንዳያገኘው ነው።»

ፒዩስ ጭንቅላቱን ግንዱ ላይ አስደገፈ። «ለሴቷ ያወጣሁትን ስም ግን አልወደድሽውም» አላት።

«የአሳማህ ስም ነው እኮ።»

«ጥሩ አሳማ ናት።»

ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ ግማሽ መንገድ ላይ ማቅለሽለሽ ሆነ። ጥርሷን ነከሰች፤ ላቧ በጀርባዋ ወረደ። «አታስቀኝ» አለችው። «ትሞታለህ።»

ዋራ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ሄዶ የሸተተ የአሳማ ስብ በእንጨት ሰክቶ፣ በሚነደው ቤት ፍም ላይ አጨሰና ተመለሰ። ከዶርካስ አፍንጫ ስር አደረገው። ጉሮሮዋ ተከፈተ፤ መራራ ውሃ እስከ ምላሷ ስር መጣ። አፏን በሁለት እጇ ከድና ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። ፒዩስ በገመዱ ውስጥ ተፈራገጠ፤ ከክንዱ አዲስ ደም ፈሰሰ።

የኩንዲ ጡጫ ዋራን ከእንጨቱ ጋር አነሳው። የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ሜዳው ሁሉ ሰማ።

«ሕጉ ሰጪው ይቅመስ ነው» አለ ኩንዲ፣ ወድቆ ደም የሚያዘራውን ዋራን እየረገጠ። «ቀማሹን አስተፉ አይደለም።»

ከዚያ ገጀራውን ይዞ መጥቶ፣ ጭሱ እንዳይደርስባት ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አላያትም። ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት እንዲሁ ነበር የሚቀመጠው፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የሚያስፈራሯትን ሁሉ የሚያባርር ይመስል።

«ዋጥሽው?» አላት በሹክሹክታ።

ያንን መራራ ውሃ መልሳ ውጣዋለች። ራሷን ነቀነቀች።

«በአፍንጫሽ ተንፍሺ» አለ። ድምፁ እንደ ጠዋቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቀስ ብለሽ። ደሙን አትዪ፤ ተራራውን እዪ።»

ተራራውን አየች። ማቅለሽለሹ በማዕበል መጣ፤ ሄደ፤ መጣ። ዝንጅብሉ ምላሷን አቃጠለው። ፒዩስ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ደረቱ ሲነሳ ባየች ቁጥር እሷም ተነፈሰች። አንድ ጊዜ ደረቱ የቆመ መሰላት፤ እሷም መተንፈስ አቆመች። በዚያች ቅጽበት ልጅም፣ ኮሌጅም፣ ጎሳም አልነበረም፤ የዚያ ደረት መነሳት ብቻ ነበር የቀራት። ተነሳ።

ሽማግሌው ዋክ እጁን ድንጋዩ ላይ ዘረጋ። ጥላው ጣቶቹን ሸፈናቸው።

«ደርሷል» አለ።

ኩንዲ ገመዱን በአንድ ምት በጠሰው። ፒዩስ ተንሸራትቶ ዶርካስ ላይ ወደቀ፤ ደሙ ልብሷን አሞቀው። ኩንዲ ሸሚዙን አውልቆ ቀደደና የጠላቱን ክንድ በኃይል አሰረው፤ ፒዩስ አቃሰተ።

«እንዳትሞትብኝ» አለው ኩንዲ። «አሳማዎቹን ከሬሳ ላይ አልቀበልም።» ወደ ጎረምሶቹም ዞረ። «ጤና ጣቢያ አድርሱት። ካሳው ሳይከፈል ግን ወንዙን እንዳይሻገር። ከተሻገረ ዛሬ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ።»

ተሸክመውት ሲሄዱ የተንጠለጠለው እጁ ወደ እሷ ተዘረጋ። አልደረሰም። ዶርካስ እጇን በልብሷ ላይ ባለው ደሙ ላይ አሳረፈች፤ እስኪቀዘቅዝም አላነሳችውም።

*

የወር አበባዋ ከለመደችው ቀደም ብሎ መጣ። ወንዝ ወርዳ ልብሷን ስታጥብ ብቻዋን ነበረች። ለብዙ ቀናት ስትጠብቀው የነበረ እፎይታ መጣ፤ ግን ብቻውን አልመጣም። አብሮት የመጣውን ስም ልትሰጠው አልቻለችም።

ቀና ስትል ፒዩስ ማዶ ቆሟል። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ታስሯል። በመካከላቸው ያለው ውሃ ከጉልበት አያልፍም። ሁለቱም አልተሻገሩም።

«መጣ?» አላት።

«መጣ።»

ፒዩስ ወደ ውሃው አየ። ፊቱ እንደ እሷው ነበር፤ እንደገና የሚተነፍስ፣ ግን አንድ ነገር አጥቶ የሚተነፍስ።

«እንግዲያው ስሙን ለአሳማዬ መለስኩላት» አለ።

አሁን ብትስቅ የሚሞት አልነበረም። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እሱም ማዶ ሆኖ በማይሠራው እጁ ምትክ በቀኙ ዓይኑን ጠረገ።

ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። በወንዙ መሃል ባለው የድንበር ድንጋይ ላይ አኖረውና፣ ካሳው እስኪከፈል ተራርቀው እንዲቆሙ ጎሳዎቹ ያዘዙትን ያህል ወደ ኋላ ሄደ። ዶርካስ ውሃውን ገብታ አነሳችው። ጠመኔ ነበር፤ የእጁ ሙቀት ገና አለቀቀውም። መዳፏን ዘጋችበት፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥባት።